የአባ ተገኘ ጆንያና የያቭኔ ሚዳቋ

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፔሌፎኔ፣ የእጅ ስልኬ ማለት ነው፣ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅሁትም፤ የማላውቀውን ቁጥር ደግሞ አላነሣም። ደጋግሞ ሲያስቸግረኝ አነሣሁት። አንዲት ሴት በአማርኛ፣ ያውም በደንበኛ የጎንደር አማርኛ፣ "ከማትናሱ ነው የምደውለው" አለችኝ። ማትናስ የምንለው እዚህ ቂርያት ማላኪ፣ ሰፈራችን ያለውን የማኅበረሰብ ማእከል ነው፤ አልፎ አልፎ ትንሽ የአማርኛ መጽሔት ያወጣል። "ስለ ፎቃችሁ ደረጃ የጻፍሽው ደርሶናል። ይወጣል። አሁን ደግሞ የጉዞ ማስታወሻ ጻፊልን።"

"የክፍሌ ልጆች ናችሁ አይደል?" አልኋት።

"የክፍልሽ ልጆች እንዲህ አማርኛ ይችላሉ?"

እውነቷን ነው፤ አይችሉም። ስልኩን እንደዘጋሁ ያገኘሁትን ሁሉ አቀፍሁ። እናቴን፣ ከፋብሪካ የሌሊት ሥራ ገብቶ የተኛውን አባቴን፣ ማቀዝቀዣውን ሳይቀር። ከጎንደር ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ፊደሉን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ሽንኩርት እየላጠች። እኔ የጻፍሁት በአማርኛ ሊታተም ነው! ያውም ሌላ ጨምሪ ተብዬ!

"ጉዞ?" አለ ታላቅ ወንድሜ ከሶፋው ሳይነሣ። "አንች የት ሄደሽ ታውቂያለሽ? እስከ ገበያ ሄጄ ቲማቲም ገዝቼ ተመለስሁ ብለሽ ጻፊ።"

የምሄድበትን ግን ወዲያው አውቄዋለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ የተፈጥሮ ጠባቂ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ስለ ሚዳቋ ነግሮን ነበር። በባሕሩ አቅጣጫ፣ በያቭኔ በኩል ያለው አሸዋ ላይ ዛሬም የዱር ሚዳቋ አለ። ግን ቤቱ በአንድ ወገን ይገፋል፣ መንገዱ በሌላ ወገን፣ አጥሩ መሐል ለመሐል ይቆርጣል። ባለቤቶቻቸው የጣሏቸው ውሾች መንጋ ሠርተው ያድናሉ። በዚያ ላይ የሽቦ ወጥመድ አለ። እጄን አወጣሁና "ወጥመዱን የሚያጠምደው ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ብናውቅማ!" አለና ሁላችንንም በተራ አየን፤ አጥማጁ ከመሐላችን የተቀመጠ ይመስል። አስተያየቱ አልጣመኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ሰው ሳይ እንደዚያ ማየት ጀመርሁ።

"እንግዲያው ገዴራ አባ ተገኘ ዘንድ ሂጂ" አለች እናቴ። አባ ተገኘ የእናቴ አጎት ናቸው። ብርቱካን ሲለቅሙ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ከልጃቸው ከአክስቴ ዘነቡ ጋር ይኖራሉ። "ያንን አሸዋ እንደ ጓሯቸው ነው የሚያውቁት።" ከዚያ ቢላዋዋን ቆም አደረገች። "ጆንያውን ግን አትጠይቂያቸው።"

"የምን ጆንያ?"

"አትጠይቂ አልሁሽ እኮ!"

ይኸን ተብሎ ዝም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። እየተከተልሁ ጨቀጨቅኋት፤ በመጨረሻ ተናገረች። አባ ተገኘ በየሳምንቱ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ። ሲሄዱ ሙሉ ነው፤ ሲመለሱ ባዶ። አክስቴ ዘነቡ ስትጠይቃቸው "የአሸዋ ጉዳይ ነው" ብለው ይዘጓታል። በወጣትነታቸው በወገራ የታወቁ አዳኝ እንደ ነበሩ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

በሆዴ ነገሩን ፈታሁት። ሞልቶ የሚሄደው ሽቦ ነው። ባዶውን የሚመለሰው ሥጋውን መንገድ ላይ ስለሚሸጡት ነው። ደስታዬ ላይ አንድ ጠጠር ወደቀበት፤ ወጥመድ አጥማጁ የገዛ ዘመዴ ከሆነ፣ በመጽሔት ልጽፈው ነው ወይስ ልሸፍነው?

ሐሙስ፣ ወደ ገዴራ

ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ተሳፈርሁ። የሱፍ ፍሬ በወረቀት ገዝቻለሁ፤ የጉዞ ጸሐፊ ስንቅ ያስፈልገዋል። አውቶቡሱን ለሰንበት ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ወታደሮች ሞልተውታል፤ ገና መናኸሪያውን ሳንለቅ ቦርሳቸውን ተንተርሰው ተኙ። ከጎኔ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ግን አልተኙም።

"የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኋቸው። እስከ ቅድመ አያቴ ቆጠሩና ዘመዴ ሊሆኑ ትንሽ ቀራቸው።

"የት ትሄጃለሽ ታዲያ?"

"ስለ ሚዳቋ ልጽፍ።"

"ሚዳቋ!" አሉና ጉንጫቸውን ያዙ። "እሷማ በኦሪት የተፈቀደች ናት። ሰኮናዋ ስንጥቅ፣ ታመሰኳለች። ግን እዚህ አገር ማን በወጉ ያርድልሻል?"

አባ ተገኘ በወጉ ማረድ እንደሚያውቁ ትዝ አለኝ። የሱፍ ፍሬውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

በመስኮት በኩል የብርቱካን እርሻው ያልፋል፣ ከዚያ አትክልት የሚያበቅሉባቸው የመስታወት ቤቶች፣ ከዚያ መንገዱን የሚያሰፉት ቢጫ መኪኖች። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ሳልፍ ስልኬን ነበር የማየው። አሁን እንደ ሚዳቋ ሆኜ ለማየት ሞከርሁ፤ በየት በኩል አቋርጣለሁ? እዚያ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ቦይ፣ ከቦዩ ኋላ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ጥቁሩ አስፋልት ከነመኪናው። ገዴራ እስክንደርስ ድረስ ልሻገርበት የምችል አንድም ቦታ አላገኘሁም።

አክስቴ ዘነቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ዶሮ በሩዝ አቅርባልኝ "ብዪ፣ ቀጥነሻል" አለችኝ፤ ባለፈው ስታየኝ "ወፍረሻል" ብላኝ ነበር። ሳህኑን ሳነሣ በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ጆንያውን አየሁት። ተጠጋሁ። ዳሰስሁት። ሽቦ አይደለም። ከባድ ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠንካራ፣ ማዕዘን ያለው። ድንጋይ? ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምን ሊሠራ ነው? ማን ላይ ሊወረውር?

"አገኘሽው?" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

አባ ተገኘ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ የሹራብ ቆብ ያደረጉ።

"ምኑን አባ?"

"የጠፋብሽን ነዋ።"

ፊቴ ጋለ። ቢሆንም ጸሐፊ ነኝና ፈራሁ ብዬ አልተውሁትም፤ ነገ ወደ አሸዋው ይውሰዱኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። እግሬን አዩ።

"ይኸ ጫማሽ ገና ከሩቅ ይጮኻል። የዘነቡን አድርጊ። ሽቶም አትቀቢ።"

"ለምን?"

"ትመጫለሽ አትመጭም?"

"እመጣለሁ።"

ሽቶ የሚከለክል ሰው አዳኝ ካልሆነ ምንድን ነው? የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም።

ዓርብ፣ ያቭኔ

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። ልሸከምልዎ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ጆንያውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሹፌሩ በዕብራይስጥ "ምንድን ነው ሳባ፣ ድንች ነው?" አላቸው። ሳባ አያት ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሹፌር ሁሉ ሽማግሌን እንደዚያ ነው የሚጠራ።

"ድንች" አሉ አባ ተገኘ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

ዋሹ! በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ።

ያቭኔ የመጨረሻው ፌርማታ ወረድን። እዚያ ላይ ከተማው በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። በዚህ በኩል ገና ቀለሙ ያልደረቀ ፎቅ፣ ከበላዩ የግንባታ ክሬን፤ በዚያ በኩል አሸዋ። አሸዋው ግን ወዲያው አሸዋ አይሆንም። መጀመሪያ የፍርስራሽ ክምር ነው፤ ከዚያ ፍራሽ፣ ሆዱ የተዘረገፈ የልብስ ማጠቢያ፣ የሕፃን ጋሪ። ያንን አልፎ ደግሞ ትራክቶሮን የሚሉት ባለ አራት ጎማ ሞተር ኮረብታውን ሁሉ አርሶታል። ቅጠል የነበረበት ቦታ እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ" አሉ አባ ተገኘ። "እህል አይዘሩበት፣ አይወቁበት። ዝም ብለው ይዞሩበታል።"

ከሁለት ኮረብታ በኋላ ጩኸቱ ቀረ። ሮተም የሚሉት ቁጥቋጦ ነጭ አበባውን አውጥቶ ማር ማር ይሸታል። ከአንድ ሰፊ የጎማ መንገድ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ሥፍራ ላይ ሲደርሱ አባ ተገኘ ቆሙ። "እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጭ። እንዳትናገሪ። እንዳትስይም።" ጆንያውን ፈቱ። አንገቴን አሰገግሁ።

ጨው ነበር።

ለወተት ላም የሚሰጠው፣ እንደ ጡብ የተሠራ ጨው። የተወሰነው ሙሉ ነው፣ የተወሰነው ተሰብሯል። አንድ በአንድ እያወጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደረደሩት። ድንጋዩ መሐሉ ጎድጉዶ ያብረቀርቃል፤ ብዙ ምላስ አልፎበታል። ጨርሰው ወደ እኔ መጡና በዝግታ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ከምላሳቸው ጫፍ፣ ላም ሲጠሩ እንደሚያደርጉት፣ ቀጭን ድምፅ አወጡ።

መጣች። ከኮረብታው ጫፍ ላይ መጀመሪያ ጆሮዋ፣ ከዚያ አንገቷ። የአሸዋው ቀለም ራሱ ተነሥቶ የሚሄድ ነበር የሚመስል። ከኋላዋ እግሩ ገና የሚንቀጠቀጥ ግልገል አለ። ወርዳ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብላ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ምላሷ ጨው ላይ ሲፋቅ ሰማሁት! እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደ ሆነ አትጠይቁኝ።

"ወገራ ላሞች ነበሩኝ" አሉ አባ ተገኘ፣ ድምፃቸው ከአበባው ንብ የማይበልጥ። "ጨው ያላሰውን እጅ ከብት አይረሳውም። እዚህ አገር ለሰው ሁሉ አለ፤ ቤት አለ፣ ጡረታ አለ። ጨው የማቀርብለት ግን አጣሁ። እጄ ሥራ ፈታ።" ከዚያ አዩኝ። "አንች ምን መስሎሽ ነበር?"

"ሽቦ።"

"ዘነቡ ደግሞ ገንዘብ የምቀብር ይመስላታል" አሉና ሳቃቸውን በቆባቸው አፈኑት።

ሚዳቋዋ በድንገት ራሷን አነሣች። እኛ ምንም ሳንሰማ እሷ ሰምታለች። በአንድ ዝላይ ከነግልገሏ ጠፋች። ቆይቶ የጂፕ ድምፅ መጣ።

ከጂፑ የወረደው ያው ትምህርት ቤታችን የመጣው ጠባቂ ነው። እጁን መታጠቂያው ላይ አድርጎ መጀመሪያ ጆንያውን አየ፣ ከዚያ አባ ተገኘን፣ ከዚያ እኔን።

"አንቺን አውቅሻለሁ" አለኝ በዕብራይስጥ። "ወጥመድ የሚያጠምደው ማን ነው ብለሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"ምን አስጠየቀሽ?"

እኔ በአባ ተገኘ ላይ ያሰብሁትን ሁሉ እሱ በኔ ላይ ሲያስብ ፊቱ ላይ አነበብሁት። በተጠርጣሪው በኩል ሲቆሙ አያምርም። "ጆንያውን እይ" አልሁት። አየ። ባዶ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን ጨው አየ። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ፊቱ ጠቆረ።

"ይኸ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል። ምነው? ጨው ጥሩ ነው እኮ!" አልሁት።

"በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ሚዳቋዋ ትመጣለች" አለ። "ይኸን ውሾቹም አውቀውታል። ሚዳቋን የሚያቆያት ሩጫዋ ብቻ እንዳይመስልሽ። መጠራጠሯ ነው። አያትሽ መጠራጠሯን ወስደውባታል። በቀደም እዚህ የተበላ ግልገል አግኝቻለሁ። ንገሪያቸው።"

የአባ ተገኘ ዕብራይስጥ የአትክልት ቦታ ዕብራይስጥ ነው፤ ሰው ቶሎ ሲናገር ያመልጣቸዋል። "ምን ይላል?" አሉኝ።

ይኸን ብነግራቸው እጃቸው እንደገና ሥራ ሊፈታ ነው። ደግሞስ እውነቱን ይሁን ማን ያውቃል? እኛን ከዚህ ሊያባርር የፈጠረው ቢሆንስ? "አሳየኝ" አልሁት።

"ቤሰደር፣ እሺ፣ ነይ።"

አሳየኝ። የውሻ ኮቴ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ድንጋዩን በሩቁ ይዞራል። ነፋሱ ጠረናቸውን ወደ ሚዳቋዋ በማይወስድበት ወገን፣ ከሮተሙ ኋላ፣ ሣሩ ተተኝቶበት ተደላድሏል። እዚያ ነው የሚጠብቁት። ከሥሩ የተነጨ ፀጉር አየሁ፤ ከፀጉሩ አጠገብ ደግሞ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ጥቁር ሰኮና። ስንጥቅ ናት።

ተመልሼ አባ ተገኘ ፊት ቆምሁ።

"አባ፣ ጨውዎን ውሾቹ አውቀውታል። እዚህ አድፍጠው ይጠብቋታል። አንድ ግልገል ተበልቷል።"

"ማን አየ?"

"እኔ አየሁ።"

"አንች በዓይንሽ?"

"በዓይኔ፣ አባ።"

ቆባቸውን አወለቁ። ጠባቂው ድምፁን ለዘብ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤ "ንገሪያቸው፣ ልባቸው ለሷ ከሆነ ዓርብ ጠዋት ከኛ ጋር ይምጡ። ሽቦ እንለቅማለን፣ የወደቀ አጥር እንሰበስባለን። ጆንያ እንደሆነ አላቸው።" ነገርኋቸው። ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። ጂፑ ሄደ።

አባ ተገኘ ተንበርክከው ጨዉን መልሰው ወደ ጆንያው ማስገባት ጀመሩ። ጡቡን ብቻ አይደለም፤ የተፈረፈረውን ጭምር፣ አሸዋውን በጣታቸው እያበጠሩ። እኔም ተንበረከክሁ። ጎድጓዳውን ድንጋይ ገለበጥነው።

ያኔ ነው ሚዳቋዋ የተመለሰችው። ምናልባት ጨዉን አልጠገበችም፤ ምናልባት አባ ተገኘን ስላየች ነው። ከቅድሙ ይልቅ ቀርባ ቆመች። ዓይኗ ውስጥ ሮተሙ ይታያል። ግልገሉ ከሆዷ ሥር ወጥቶ ወደ እኛ አንድ እርምጃ መጣ።

አባ ተገኘ ተነሡ። የጨው ስባሪ በእጃቸው ነበር። አንድ አፍታ ሊሰጧት መሰለኝ።

"ሂጂ!" ብለው ጮኹ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ቀጭን ሰው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። "ሂጂ ወዲያ! ሰው አትመኚ! ሰው ምንሽ ነው!" ስባሪውን ከእግሯ አጠገብ ወረወሩት፤ አሸዋው ተረጨ። ሚዳቋዋ ዘላ ራቅ አለችና ዞራ አየቻቸው፣ ያልገባት ነገር እንዳለ ሁሉ። ደግመው ዘገኑና አሸዋ ረጩባት፤ እያጨበጨቡ፣ እየጮኹ፣ በሽማግሌ ጉልበታቸው እስከ ኮረብታው አጋማሽ ሮጡ። ነጭ ቂጧ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

አባ ተገኘ ሲወርዱ ያን የወረወሩትን ስባሪ ፈልገው አነሡ። "ያላ፣ እንሂድ" አሉ። "ሰንበት ሊገባ ነው።"

መመለሻ

በመጣንበት አውቶቡስ ተመለስን። ጆንያው ጭናቸው ላይ ነው። ገዴራ ልንደርስ ስንል፣ ከመስኮቱ ሳይመለሱ፣ "ያ ሰውዬ ጆንያ ይዘህ ና ነው ያለኝ?" አሉ።

"አዎ አባ።"

"ባዶውን?"

"ባዶውን።"

"እንዲያማ ከሆነ ይቀላል" አሉ።

አክስቴ ዘነቡ በሩን ከፍታ ጆንያው ሞልቶ ሲመለስ ባየች ጊዜ ግድግዳውን ተደገፈች። "ኧረ አባቴ! ምን ገድላችሁ ነው የመጣችሁ?"

"ጨው ነው" አሉ አባ ተገኘ። "ወጥሽ ሁሌ አልጫ ነው።"

አውቶቡስ ለሰንበት ሥራ ሳያቆም ደረስሁበት፤ የሰንበት ሻማ ሳይበራ ቂርያት ማላኪ ገባሁ። ወንድሜ "ቲማቲሙስ?" አለኝ። እናቴ ግን ወደ ወጥ ቤት ጎትታ "ጠየቅሻቸው?" አለችኝ።

"ሳልጠይቃቸው አየሁት" አልሁና ሁሉንም ነገርኋት። ሰማችኝና "እኛ ከብት ማላመድ እንጂ ማስበርገግ መች ተማርን" አለች።

እኔ በዚህ ጉዞ ሳልጠራጠር የዋልሁበት ሰዓት የለም። አባ ተገኘን ጠርጥሬ ተሳሳትሁ፤ ጠባቂውን ጠርጥሬ ኮቴውን በዓይኔ አየሁ። ስለዚህ መጠራጠር መጥፎ ነው ብዬ አልጽፍም። መጠራጠር ሄዶ እስከ ማየት ድረስ ካልሆነ ግን ሐሜት ነው። ሚዳቋ ሐሜት አታውቅም፤ ትጠራጠራለች፣ ትሸሻለች፣ ትኖራለች። የኛ ቤትና መንገድ ያስጨነቃት አልበቃ ብሎ፣ ፍቅራችንም በቦታው ካልሆነ ይበላታል።

አባ ተገኘ ይኸን እንድጽፍ አዝዘውኛል። የሚመጣ ካለ፣ ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ያቭኔ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሹራብ ቆባቸውን ታዩታላችሁ። ባዶ ጆንያና ወፍራም ጓንት ያዙ። ውሻ ካላችሁ ቤት እሰሩት፤ ሽቶ አትቀቡ፤ ጨው አታምጡ። ኮረብታው ጫፍ ላይ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ አንገት ካያችሁ፣ እባካችሁ እንዳትጠሯት። አይታችሁ ከሸሸች፣ እሰይ በሉ።